እንቁላሉ ፍሪ ሬንጅ ነው፤ ናጌቱስ?

ጥያቄ፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን ቁርስ የማበላበት ፋስት ፉድ ቤት ‹የምንጠቀመው ፍሪ ሬንጅ እንቁላል ብቻ ነው› የሚል ጽሑፍ ከምግብ ዝርዝሩ በላይ ሰቅሏል። እኔ የገባኝ ዶሮዎቹ ሜዳ ላይ እንደ ልባቸው እየጫሩ እንደሚያድጉ ነው፤ ስለዚህ ናጌቱንና የዶሮ በርገሩንም ቅር ሳይለኝ እገዛለሁ። ባለቤቴ ግን ‹ተታለሽ ነው፤ ዶሮዎቹ ሆርሞን እየተወጉ በኬጅ፣ በሽቦ ሳጥን ውስጥ፣ ያደጉ ናቸው› ይለኛል። ማናችን ነን ልክ? እንቁላሉስ ለልጆቹ ጤና ይሻላል?»

ምላሽ፦

ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ የተሳሳታችሁበት ቦታ ግን ይለያያል። እርስዎ ስለ እንቁላሉ የተጻፈውን ወደ ሥጋው አሻግረው አነበቡት። ባለቤትዎ ሥጋውን መጠርጠራቸው ተገቢ ነው፤ የጠረጠሩበት ምክንያት ግን ሁለቱም ውሃ አይቋጥርም። ሆርሞን የለም፣ ኬጅም በአብዛኛው የለም። የሥጋው ዶሮ ችግር ሌላ ነው፤ ከሁለቱም የከበደ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን እንቁላል የምትጥለው ዶሮና ናጌት የሚሆነው ዶሮ አንድ ዓይነት እንስሳ አይደሉም። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ከስድሳ ዓመት በላይ በተለያየ መንገድ የተዳቀሉ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ የማይሠራ ሁለት ዘሮች ናቸው። እንቁላል ጣይዋ ቀጠን ያለች፣ ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ናት፤ በአምስት ወሯ አካባቢ መጣል ጀምራ በዓመት ከ300 በላይ እንቁላል ትጥላለች። የጫካ ቅድመ አያቷ በዓመት የምትጥለው አሥራ ሁለት ያህል ብቻ ነው። የሥጋው ዶሮ ደግሞ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ባለው ዕድሜው ይታረዳል፤ እንቁላል የመጣያ ዕድሜው አጠገብ እንኳን አይደርስም። ጭነት ሊጫን ሲል አዳራሹ ውስጥ ቆሞ የሰማው ሰው ይህን አይረሳም፤ አካሉ የትልቅ ዶሮ ነው፣ ድምፁ ግን ገና የጫጩት ጩኸት ነው። በእንቁላል ጣይዋ ወገን የሚፈለፈለው ወንድ ጫጩት እንቁላል አይጥል፣ ሥጋው በቶሎ አይሞላ፤ ስለዚህ በአብዛኛው ዓለም በተፈለፈለበት ቀን ይገደላል። ጀርመን ይህን ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ከልክላለች፤ ፈረንሳይም ተከትላታለች (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እንግዲህ ከሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ አንደኛዋ ብቻ ነው። ልጆችዎ ሶስ ውስጥ የሚነክሩትን ናጌት ያስገኘው ዶሮ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። በአሜሪካ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ክልክል ነው፤ በአውሮፓ ኅብረትም እንዲሁ። ሕጉ ባይኖር እንኳን ሃያ ሺህና ሠላሳ ሺህ ጫጩት በየቀኑ እያነሳ የሚወጋ አርቢ የለም፣ አያዋጣምም። አሜሪካ ውስጥ «ሆርሞን የሌለበት ዶሮ» ብሎ የሚጽፍ ድርጅት ከዚያው ጎን «ሕጉ ራሱ ሆርሞንን ይከለክላል» የሚል ማብራሪያ እንዲያክል ይገደዳል፤ ሁሉም የሌለበትን ነገር አንዱ እንደ ብልጫ እንዳይሸጠው። ኬጁም እንደዚያው ነው። በአውሮፓም በአሜሪካም የሥጋ ዶሮ የሚያድገው ጉዝጓዝ በተነጠፈበት ትልቅ አዳራሽ ወለል ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ምግብ ቤት «የዶሮ ሥጋችን ኬጅ ፍሪ (ያለ ኬጅ ያደገ) ነው» ካለዎት የነገረዎት አንዳች ነገር የለም፤ ለዚያ ቃል አንድ ሳንቲም አይጨምሩለት።

ታዲያ በስድስት ሳምንት እንዲህ የሚያገዝፈው ምንድን ነው? ዘሩ ነው። ካናዳ ውስጥ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የ1957፣ የ1978 እና የ2005 የሥጋ ዶሮ ዘሮችን ጎን ለጎን፣ ተመሳሳይ መኖ እያበሉ አሳደጓቸው፤ ውጤቱን ያሳተሙት በ2014 ነው። በ56ኛው ቀን የመጀመሪያው 905 ግራም መዘነ፣ ሁለተኛው 1,808፣ የመጨረሻው 4,202። መኖው አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ ቀኑ አንድ ነበር። ባለቤትዎ መርፌ ውስጥ የፈለጉት ነገር ያለው እዚህ ነው። ይህን ያህል ሥጋ በዚህ ፍጥነት የሚሸከም እግርና ልብ ግን አብሮ አላደገም። አንካሳነት፣ ሆድ ውስጥ ውሃ መቋጠርና ድንገተኛ የልብ ሞት የዚህ ዘር በሽታዎች ናቸው። ወላጆቻቸውም በልካቸው ጠግበው ቢበሉ ለእርባታ ዕድሜ ሳይደርሱ ስለሚበላሹ መኖ እየተሰፈረላቸው፣ ሲርባቸው እየዋለ ነው የሚኖሩት። ስለ ኬጅ የሚያወራው ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ እላለሁ።

ወደ እንቁላሉ ልመለስ። ፍሪ ሬንጅ የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን የሚወስነው ቃሉን የያዘው ሕግ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከሆነ ውስጥ በካሬ ሜትር ከ9 ዶሮ አይበልጥም፤ ውጭ ለእያንዳንዷ 4 ካሬ ሜትር ሜዳ ይደርሳታል፤ መውጫዎቹ ቢያንስ 35 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሯቸው ለ1,000 ዶሮ በድምሩ 2 ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ መኖር አለበት። እንቁላሉ ቅርፊት ላይ የሚታተመው ቁጥር ሲጀምር 0 ከሆነ ኦርጋኒክ፣ 1 ከሆነ ፍሪ ሬንጅ፣ 2 ከሆነ ኬጅ የሌለበት አዳራሽ፣ 3 ከሆነ ኬጅ ነው። በአሜሪካ ግን የፌዴራሉ ሕግ ወደ ውጭ መውጫ ይኑር ከማለት አልፎ ለአንዲት ዶሮ ይህን ያህል ሜዳ ይሰጥ የሚል ቁጥር የለውም። ቁጥሩን የሚያስቀምጡት የግል ማረጋገጫ ድርጅቶች ናቸው፤ ከታወቁት አንዱ የሆነው ሰርቲፋይድ ሂውሜን ለፍሪ ሬንጅ የሚጠይቀው ለአንዲት ዶሮ 2 ካሬ ጫማ ነው። ከአውሮፓው 4 ካሬ ሜትር ጋር ሲተያይ ከሃያ እጥፍ በላይ ያንሳል። ቃሉ አንድ፣ ሜዳው ግን ሌላ። የምግብ ቤትዎ ሰሌዳ የትኛውን እንደያዘ ካልጻፈ ማወቅ የሚቻለው በመጠየቅ ብቻ ነው።

ከፍሪ ሬንጅ ጋር በየጊዜው የሚምታታ ሌላ ቃል አለ፤ ኬጅ ፍሪ። ይህ ማለት ዶሮዋ በሽቦ አልታጠረችም፣ አዳራሽ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች፣ ሰማይ ግን አታይም ማለት ነው። እንዲህ ስል ላቃልለው አይደለም። በድሮው የአውሮፓ ኬጅ አንዲት ዶሮ የሚደርሳት 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አንድ የኤ4 ወረቀት 624 ነው። ክንፏን መዘርጋት አትችልም፣ መጫር አትችልም፣ የምትቆምበት ተዳፋት ሽቦ ነው። አውሮፓ ይህን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ከልክሎ የተሻሻለ የሚባለውን፣ ለአንዲት ዶሮ 750 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ቆጥና እንቁላል መጣያ ያለውን ኬጅ ፈቀደ። ኬጅ ጨርሶ ይቅር ብለው 1.4 ሚሊዮን ያህል አውሮፓውያን ፈርመዋል፤ የኅብረቱ ኮሚሽንም በ2021 ሕጉን በ2023 መጨረሻ አቀርባለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ ጊዜው ደርሶ አለፈ፣ ሕጉ አልቀረበም።

ከወረቀቱ ወጥተን በሩ ላይ እንቁም። አሥራ ስድስት ሺህ ዶሮ የያዘ የፍሪ ሬንጅ አዳራሽ ነው፤ ረፋድ ላይ መውጫዎቹ በተርታ ተከፍተዋል። ከመውጫዎቹ ጥግ ያለው መሬት ተጫጭሮ ሣር የሚባል አልቀረለትም፤ ዶሮዎቹ እዚያ ተኮልኩለዋል፣ ጥቂቶቹ አፈር ውስጥ ተንከባለው ላባቸውን ያራግፋሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ለምለም ሜዳ ግን ባዶውን ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ አብዛኛው መንጋ ቆጡ ላይና ጉዝጓዙ ላይ አለ። ይህን ያየ እንግዳ «ታዲያ ማን ከለከላቸው?» ይላል። ማንም አልከለከላቸውም። ዶሮ መነሻዋ የእስያ ጫካ ነው፤ ጥላ የሌለው ገላጣ ሜዳ ለእሷ ነፃነት ሳይሆን ጭልፊት የሚወርድበት ቦታ ነው። ያው እርሻ ከአዳራሹ ጀምሮ ዛፍና ቁጥቋጦ በሰልፍ ቢተክል ዶሮዎቹ ጥላ ለጥላ እየተሻገሩ ርቀው ይወጣሉ። ስለዚህ እርሻ ስመለከት ሜዳው ስንት ሄክታር ነው ብዬ አልጀምርም፤ ዛፍ አለ ወይ ብዬ ነው የምጀምረው። ማስታወቂያው ላይ የሚለጠፈው ፎቶ ግን ሁልጊዜ ገላጣው ሣር ነው።

ሁለተኛ የማደርገው ነገር አንዲት ዶሮ ብብቴ ሥር ይዤ የደረት አጥንቷን በሁለት ጣቴ ከላይ እስከ ታች መዳበስ ነው። እንደ ቢላ ጀርባ ቀጥ ማለት የሚገባው አጥንት የምርት ዘመኗ ሊያበቃ በተቃረበች ዶሮ ላይ ብዙ ጊዜ ይጠማዘዛል፣ ወይም ተሰብሮ የገጠመበት ጉብታ ጣት ላይ ይመጣል። ምክንያቱ ሂሳብ ነው። አንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል፤ ከመኖው ያልተገኘው ከአጥንቷ ይቆረሳል፣ ይህም ከዓመት በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል። በብዙ መንጋዎች ውስጥ በመጨረሻው ወቅት የደረት አጥንታቸው የተሰበረባቸው ዶሮዎች ከግማሽ በላይ ይሆናሉ። ፍሪ ሬንጅ ይህን አያድንም። እንዲያውም ደርብ ደርብ ያለ ቆጥ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ከደርቡ ሲዘሉ እየተጋጩና እየወደቁ ስብራቱ ከኬጁ ሊብስ ይችላል፤ የኬጇ ዶሮ አጥንት ደግሞ ካለመንቀሳቀስ የተነሳ የባሰ የሳሳ ነው። ሌላም አለ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር መንጋ ውስጥ ላባ መነቃቀል ከተነሳ ደም እስኪፈስ፣ አንዳንዴም እስከ ሞት ይሄዳል፤ ይህን ፈርተው ነው ገና የአንድ ቀን ጫጩት ሳሉ የምንቃራቸውን ጫፍ በኢንፍራሬድ ጨረር የሚያሳጥሩት። ውጭ ሲወጡ ደግሞ የሆድ ትላትልና ቀበሮ ይጨመራል።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬም ፍሪ ሬንጁን ከኬጁ እመርጣለሁ፤ ሳላመነታ። በመጥፎ እርሻ የተያዘ ፍሪ ሬንጅ በጥሩ እርሻ ከተያዘ አዳራሽ ሊብስ ይችላል፤ ነገር ግን አርቢው ሊያስተካክለው ይችላል። ኬጅን ግን ጎበዝ አርቢም አያስተካክለውም፤ ጉድለቱ ከሽቦው ጋር የመጣ ነው። ዶሮ እንቁላል ከመጣሏ በፊት የተከለለ ቦታ ትፈልጋለች፤ ካጣች ወዲያ ወዲህ እያለች ትጨነቃለች፣ ይህንንም ዘር ማዳቀሉ አላጠፋውም። አፈር መታጠብም፣ ማታ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማደርም እንዲሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ ወፍ ጉንፋን። በሽታው ሲነሳ መንግሥታት ዶሮ ሁሉ ውስጥ ይቆይ ብለው ያዛሉ። በአውሮፓ ሕግ ዶሮዎቹ ውስጥ ተዘግተውም እንቁላሉ ፍሪ ሬንጅ ተብሎ ሊሸጥ የሚችለው ለ16 ሳምንት ነበር፤ ብሪታንያ ውስጥ በማርች 2022 ይህ ጊዜ አልፎ እንቁላሉ ሁሉ የአዳራሽ እንቁላል ተብሎ እንዲሸጥ ተገድዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኅብረቱም እንግሊዝም ገደቡን አንስተዋል፤ እገዳው እስካለ ድረስ ስሙ ይቆያል። ስለዚህ በበሽታ ወቅት የተገዛ ፍሪ ሬንጅ እንቁላል ለወራት ውጭ ካልወጣች ዶሮ ሊሆን ይችላል። ማጭበርበር አይደለም፤ በሽታው ቢገባ መንጋው በሙሉ ነው የሚወገደው። ግን ይወቁት።

ሰሌዳው ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቃል በቃል ያንብቡት። ፋስት ፉድ ቤት እንቁላል የሚጠቀመው ምጣድ ላይ ብቻ አይደለም። ክብ ሆኖ ሳንድዊች ውስጥ የሚገባው ከቅርፊቱ ተሰብሮ ቀለበት ውስጥ የሚጠበስ ነው። የታጠፈው ወይም የተመታው ግን ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ ተሰብሮ፣ በሙቀት ታክሞ በፈሳሽ መልክ የሚመጣ ነው። ከዚያ ማዮኔዙ ውስጥ አስኳል አለ፣ ኬኩና አንዳንድ ዳቦው ውስጥም አለ። «የቁርስ እንቁላላችን» የሚል ጽሑፍ ማዮኔዙን አይነካም። «ከቅርፊቱ የሚሰበር እንቁላላችን» የሚለው ፈሳሹን አይነካም። የእርስዎ ምግብ ቤት «የምንጠቀመው ... ብቻ» ብሏል፤ ይህ እውነት ከሆነ ሰፊ ቃል ነው፣ ማዮኔዙንም ይጨምራል። ይህን ለመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት።

የዚህ ዘርፍ ታሪክ ራሱ ቃላቱን ማንበብ ያስተምራል። በ1997 ለንደን ውስጥ ማክዶናልድስ ሁለት የበራሪ ወረቀት አዳዮችን ከስሶ ያካሄደው ረጅም ችሎት ሲያበቃ ዳኛው በብዙ ነጥብ ለኩባንያው ፈረዱ፤ ለምግቡ በሚውሉ አንዳንድ እንስሳት ላይ ለሚፈጸመው ጭካኔ ግን ተጠያቂ ነው አሉ፤ ከቆጠሯቸውም ውስጥ በኬጅ የሚኖሩ ዶሮዎች ነበሩበት። በዓመቱ በ1998 የብሪታንያው ማክዶናልድስ ከቅርፊቱ የሚሰበረውን እንቁላል ወደ ፍሪ ሬንጅ አዞረ። አሜሪካ ውስጥ ያው ኩባንያ በ2000 አቅራቢዎቹን ለአንዲት ዶሮ 72 ካሬ ኢንች ስጡ አለ፤ ወደ 465 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ አሁንም ከኤ4 ወረቀት በታች። በ2015 ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ በአሥር ዓመት ውስጥ ኬጅ ፍሪ እሆናለሁ ብሎ አወጀ፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን እንቁላል ማለት ነው። በ2024 መጀመሪያ የአሜሪካውን ጨርሻለሁ አለ፤ ከቀጠሮው ቀድሞ። ትልቅ ለውጥ ነው፣ አላናንቀውም። ግን ልብ ይበሉ፤ በአንድ የንግድ ምልክት ሥር በአንዱ አገር ፍሪ ሬንጅ፣ በሌላው ኬጅ ፍሪ ነው። ሌላ አገር ላይ ያነበቡትን የኩባንያውን ዜና ለእርስዎ ሳንድዊች ማስረጃ አያድርጉት።

ለምን ከእንቁላል ጀመሩ? እንደ እኔ አስተያየት በሁለት ምክንያት። አንዱ ኬጅ በፎቶ ላይ ራሱን ያጋልጣል፤ ያየው ሁሉ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለተኛው ሂሳቡ ነው። አንድ የቁርስ ሳንድዊች ውስጥ ያለው አንድ እንቁላል ነው፤ አርቢው አዳራሹን አንዴ ከለወጠ ለዓመታት ይጠቀምበታል፣ ጭማሪውም በሺህ ሳንድዊች ላይ ተበትኖ አይታይም። የዶሮ በርገር ግን ዋናው ዕቃው ሥጋው ነው። ቀስ ብሎ የሚያድግ ዘር ላምጣ ካሉ ተጨማሪ ቀን፣ ተጨማሪ መኖ፣ ተጨማሪ ቦታ ይጠይቃል፤ ይህም በእያንዳንዱ ዶሮ ላይ፣ በየዙሩ የሚከፈል ነው። ስለዚህ እንቁላሉ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ ሥጋው ዝም ይባላል። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ይባላል፤ እዚህ ግን የሚታለለው ዶሮ ሳይሆን በላተኛው ነው፣ ያውም አንድም ውሸት ሳይነገረው።

የሥጋው ዶሮ አኗኗር እንዲህ ነው። የአውሮፓ ሕግ በካሬ ሜትር 33 ኪሎ ግራም ይልና ሁኔታ ለሚያሟሉ እስከ 39፣ ከፍ ሲልም እስከ 42 ይፈቅዳል። በ39 ቢሄዱ ሁለት ኪሎ ከሩብ የሚመዝኑ 17 ዶሮዎች በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አዳራሹ ሰፊ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት ወለሉ አይታይም። ከአዳራሹ በላይ የሚነግረኝ ግን እግራቸው ነው። ቄራ መስመሩ ላይ መዳፋቸው ሥር እንደ ሳንቲም የከበበ ጥቁር ቁስል የበዛበት መንጋ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ፣ በአሞኒያ ሲቃጠል እንደከረመ ያስታውቃል። ንጹሕ መዳፍ ያለው መንጋ ደረቅ ጉዝጓዝ ነበረው። ማስታወቂያ ሳላነብ ከዚያ ብቻ ብዙ እረዳለሁ።

ፍሪ ሬንጅ የሚባል የሥጋ ዶሮም አለ፤ በአውሮፓ ደንብ ቢያንስ 56 ቀን ይኖራል፣ ውስጥ በካሬ ሜትር ከ13 አይበልጥም፣ ውጭም 1 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። በፋስት ፉድ ቤት ግን ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ከሜዳውም ዘሩ ይቀድማል። ፈጣኑን ዘር በር ቢከፍቱለት በሩ ሥር ይቀመጣል፤ እግሩ አይሸከመውም። ለዚህ ነው የእንስሳት ደህንነት ድርጅቶች በጋራ ያረቀቁት የተሻለ ዶሮ ስምምነት የሚባለው ውጭ መውጣትን እንኳን የማይጠይቀው። የሚጠይቀው ቀስ ብሎ የሚያድግ ዘር፣ በካሬ ሜትር ከ30 ኪሎ ግራም ያልበለጠ ክብደት፣ በቂ ብርሃን፣ ቆጥና የሚነቆር ነገር፣ ከነነፍሱ በእግሩ ተዘቅዝቆ ኤሌክትሪክ ውሃ ውስጥ ከመነከር ይልቅ በጋዝ ወይም ሳይዘቀዘቅ በኤሌክትሪክ ደንዝዞ መታረድና የሦስተኛ ወገን ምርመራ ነው። የአውሮፓው ቀነ ገደብ 2026 ነው። ፈረምኩ ማለትና ፈጸምኩ ማለት የተለያዩ መሆናቸውን አይርሱ፤ በዓመቱ ስንት በመቶ እንደደረሰ፣ በተለይም በዘሩ ላይ፣ የማያሳትም ፈራሚ እንዳልፈረመ ቁጠሩት። አብዛኛው ድርጅት ብርሃኑንና ቆጡን በቶሎ ያሟላል፤ የሚቆመው ዘሩ ላይ ሲደርስ ነው።

ጤናውን በአጭሩ። በእንቁላል ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ከሁሉ በላይ የሚወስነው መኖው ነው እንጂ በሩ አይደለም። የአስኳሉ ቢጫ መድመቅም ከመኖው ነው፤ መኖ ውስጥ የአበባ ወይም የበርበሬ ቀለም ጨምሮ ማድመቅ የተለመደ አሠራር ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያም መለያ አይቶ አይገባም፤ ለትንንሽ ልጆች አስኳሉም ነጩም እስኪጠና የበሰለ ይሁን። ልጆችዎን የሚያሳስበኝ እንቁላሉ ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚመጣው ጨውና ዘይት ነው። ለጤና ብለው ተጨማሪ አይክፈሉ። ለዶሮዋ ብለው ከሆነ ይክፈሉ።

የምመክርዎት ይህን ነው። የእንቁላሉን ሳንድዊች ይቀጥሉበት፤ ጽሑፉ የቆመበት ሕግ ደህና ከሆነ ገንዘብዎ ወደ ተሻለ ቦታ እየሄደ ነው። ናጌቱንና የዶሮ በርገሩን ግን በእንቁላሉ ምስክርነት መግዛትዎን ያቁሙ። ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት በጽሑፍ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ አንደኛ፣ ማዮኔዙና ፈሳሹ እንቁላል በ«ብቻ» ውስጥ ይካተታል ወይ? ሁለተኛ፣ የሥጋው ዶሮ ዘር የትኛው ነው፣ በካሬ ሜትርስ ስንት ኪሎ ግራም ነው? ሦስተኛ፣ ይህን የሚመረምረው ማነው? የገንዘብ ተቀባዩን ልጅ አያስጨንቁት፤ እሱ የሚያውቀው እርስዎ የሚያውቁትን ያህል ነው። «የእንስሳት ደህንነት ለእኛ ቀዳሚ ጉዳይ ነው» የሚል መልስ ከመጣ አልመለሱልዎትም። የዘሩ ስምና ቁጥር ያለበት መልስ ከመጣ ግን ዶሮውን ሊገዙ ይችላሉ፤ ያኔ ውሳኔው የእርስዎ ነው። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ልጆቹ ቅዳሜ እንቁላሉን ይብሉ፣ ናጌቱ ይቆይ።